ማረው ያልኩበት ቀን

ይድረስ ለልጄ ለፀደንያ። የአገሬ ታቦት ካለሽበት አይራቅሽ፤ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ተመስገን ነው። ጤፉ ገብቷል፣ ላሚቱ ወልዳለች፤ የአባትሽ ጉልበት ብቻ ብርዱን አልቻለውም።

ጎረቤታችን እንዳላማው አርፏል፤ ወደ ውጭ አገር ስትሄጂ ሻንጣሽን ተሸክሞ የሸኘሽ። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፤ ግን ከእኔ እንድትሰሚው ፈለግሁ።

ቅዳሜ ከማርቆስ ገበያ በሚኒባስ ስንመለስ ሾፌሩ ሲከንፍ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ፍጥነቱን በመሣሪያው አሳየውና ክስ ሊጽፍ ጀመረ። ተሳፋሪው «ለመንግሥት ገቢ ሊለቅሙ ነው የሚቆሙት» እያለ አጉረመረመ፤ እኔም ብያለሁ። ከዚያ ወርጄ ነጠላዬን አደግድጌ «ስለ ሚካኤል ብለህ ማረው፤ የልጆች አባት ነው» ብዬ ለመንኩት። ሽበቴን አክብሮ ለቀቀው። ሾፌሩ የቆመበትን ጊዜ ላካክስ ብሎ ይባስ በረረ፤ አማኑኤል ከተማ መግቢያ ላይ መንገድ ሲሻገር የነበረውን እንዳላማውን ገጨው።

ትራፊኩ ለቅሶ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «በእኔ ልመና ነው» አልኩት።

«እናቴ፣ እርስዎ ለመኑ፤ የለቀቅሁት ግን እኔ ነኝ» አለኝ።

ልጄ፣ ባለፈው እዚያ የመንገዱ የፍጥነት ካሜራ ቀጣኝ ስትዪኝ አብሬሽ አዝኜ ነበር። አሁን አላዝንም፤ ካሜራው ሽበት አያይም። ቀስ ብለሽ ንጂልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ የምትወጂው ሁሉ ይሙላልሽ፤ በመንገድሽ ላይ ግን ልመና የሚሰማ ትራፊክ አያጋጥምሽ።

እናትሽ ዘመናይ