ከሸርተቴው ሥር

ግንቦት 2

ዛሬም ያው። ልብስ አጠብኩ፣ በረንዳ ላይ አሰጣሁ። ምራቴ "እማማ፣ ታች ያሉት ሰዎች ላይ ይንጠባጠባል" አለች። ይንጠባጠብ! ይሄ ሁሉ ፎቅ የቆመው የእኔ ገብስ ላይ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተሰቅዬ የገዛ ማሳዬን ቁልቁል አያለሁ... አሁን ከተማ ነው አሉ። መንገዱ ሁሉ ቁጥር አለው። እኔ የማውቀው በሬዎቹ የሚዞሩበትን ነው።

ፊት ለፊት መዋለ ሕፃናቱ አለ። የልጅ ልጄ ሚጢዬ እዚያ ትማራለች። እኔም ፊደል የቆጠርኩት እዚያው ነው። በስድሳ ሦስት ዓመቴ፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ፣ በእነሱ ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካ። ይሄን ደብተር የሰጠችኝም ሚጢዬ ናት። ግማሹ የድመት ሥዕል ነው።

ዘንቦ ስለነበር ጠዋት እዚያ ግቢ፣ የልጆቹ ሸርተቴ አጠገብ፣ ውሃ አቁሮ አየሁ። ሻይ አፍልቼ ስመለስ የለም። ፀሐይ ሳትወጣ የት ገባ?

ግንቦት 3

ዛሬም ዘነበ። ዛሬም ውሃው ጠፋ። እዚያው ቦታ።

ግንቦት 4

ልጻፈው። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

የውሃ ጉድጓድ ነበረን። ሟቹ ባለቤቴ በእጁ የቆፈረው። ጠጠር ይጥልና "ቁጠሪ" ይለኛል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ከዚያ ቦጭ! ጥጃችን የገባችበት ቀን ጩኸቷ ውሎ ነው የቆመው። ከዚያ ወዲያ ውሃውን አልጠጣሁም።

መሬቱ ሊሸጥ ሲል ሟቹ "ጉድጓድ ያለበት መሬት ማን ይገዛል?" አለ። መድፈኑ ወር ይፈጃል፣ ገዢዎቹ በሳምንቱ ይመጣሉ። የባህር ዛፍ ግንድ ደረደረበት። አሮጌ ቆርቆሮ ደረበበት። አፈሩን በቅርጫት ያመላለስኩት ግን እኔ ነኝ። በእግሬ የረገጥኩትም እኔ። ላዩ ላይ ገብስ ዘራን። ሲበቅል ከሌላው በምን ይለያል? እንዲያውም አማረ። ልጄ ያኔ ጎረምሳ ነበር፤ አይቶ ዝም አለ። ውሉ ላይ አባትና ልጅ ፈረሙ፣ እኔ አውራ ጣቴን ቀለም ነከርኩ።

የአጥራችን እንጨት በስምንት ዓመቱ ይበሰብስ ነበር። ይሄ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ሠላሳ ልጅ ይዘልበታል።

ግንቦት 5

ምናልባት ቦታው ተሳስቶኝ ይሆናል... ብዬ ሄድኩ። ጉድጓዱ ከግራሩ ወደ ፀሐይ መውጫ አስራ አራት እርምጃ ነበር። ግራሩ የለም።

የመዋለ ሕፃናቱ ዘበኛ የወታደር ካፖርት ስለሚለብስ ሻምበል ይሉታል። "እማማ፣ ደግሞ ለትምህርት ነው? አሁንስ ዩኒቨርሲቲ ይግቡ እንጂ!"

"እዚህ ግቢ ግራር ነበር። የት እንደነበር ታውቃለህ?"

"እኔን የተቀበለኝ አጥርና አቧራ ነው። ጉቶ ከሆነ የሚፈልጉት ግን ተቀምጬበታለሁ።"

ብድግ አለ። እውነትም ጉቶ! ሥሩ አልነቀል ቢላቸው የዘበኛ ቤቱን በላዩ ሠሩበት።

ከጉቶው ተነስቼ ቆጠርኩ። አስራ አራቱ ባዶ ሣር ላይ አለቀ። እፎይ አልኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ፣ የቆጠረው ሟቹ ነው፤ ቅልጥመ ረጅም። እግሬን እንደሱ አንፈራጥጬ ደገምኩት። ሻምበል ሆዱን ይዞ ይስቃል። አስራ አራት ስል ሸርተቴው ጫፍ ላይ ቆሜያለሁ። ልጆቹ የሚያርፉበት።

መሬቱ ይለሰልሳል። ወይስ ፍርሃቴ ነው?

ግንቦት 6

ለልጄ ነገርኩት። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ የውሃን ነገር ከእኔ ይልቅ ያውቃል። ፊቱ አመድ መሰለ።

"እማዬ፣ ማን ጠየቀሽ?"

"ውሃው እየገባ ነው።"

"ውሃ መሬት ካልገባ የት ይግባ? ሰማይ ይውጣ?"

"ግንዱ በስብሷል እኮ።"

"ስሚኝ። አባዬ መቃብር ነው። ብትናገሪ የሚጠየቀው ማነው? እኔም ፈርሜያለሁ። ልታሳስሪኝ ነው?"

ምራቴ ከወጥ ቤት፣ "ፎቁ ነው የሚያዞራቸው፣ ከበረንዳው ይግቡ።" ጃጅተሻል ማለቷ ነው። ዕድሜ ልኬን ዝም በይ ተብዬ፣ ዝም ብዬም ይኸው...

እውነት ያስሩታል? ልጄን በገዛ አፌ?

ግንቦት 8

ሚጢዬ ትምህርት ቤት አልሄደችም። ልጄ "ሳል ይዟታል" አለ፣ ዓይኔን ሳያይ።

አንዴም አልሳለችም። ቀኑን ሙሉ ስትዘፍን ዋለች።

ለካ አምኖኛል። አምኖ የራሱን አስቀረ። የሰውስ ልጅ?

ግንቦት 9

ሳሉ ዛሬም አልለቀቃትም አሉ።

በረንዳ ወጣሁ። የዕረፍት ደወል ተደወለ። አንዱ ወረደ፣ አንዷ ወረደች፣ ሦስተኛው በደረቱ... አላስቻለኝም። በነጠላ ጫማ ወረድኩ። ሻምበል "እማማ! እማማ!" እያለ ተከተለኝ። ልጆቹን ገፋ ገፋ አድርጌ ሸርተቴው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እግሬን መሬት ለማስነካት እንኳ ፈራሁ። ከገባም እኔን ይዞ ይግባ።

"እማማ፣ ይነሱ፣ ተራችን ነው!"

"አሮጊቷ ሸርተቴ ትጫወታለች!"

አልነሳም አልኩ። ፊደል ያስቆጠረችኝ ዳይሬክተር እየሮጠች መጣች። "ምን ሆነው ነው?"

"ልጆቹን አርቂልኝና እነግርሻለሁ።"

አስገባቻቸው። ነገርኳት። ግንዱን፣ ቆርቆሮውን፣ የረገጥኩትን። አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ወረቀት አምጥታ "ይጻፉትና ይፈርሙበት" አለች። እዚያችው ትንሿ ወንበር ላይ ጻፍኩ። የልጄን ስም አልጻፍኩም። "አፈሩን ያለበስኩት እኔ ነኝ" ብዬ ፈረምኩ።

ግንቦት 11

ሠራተኞች መጡ። አጥሩ ሥር ቆሜ አየሁ። ሸርተቴውን ነቅለው አነሱ። አንዱ ረጅም ብረት መሬቱ ላይ አቁሞ መዶሻውን ሲያነሳ ብረቱ ከእጁ አመለጠ። ሙሉው ገባ።

ሳላስበው ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...

ቦጭ።

ሻምበል ከዚያ ወዲህ አልሳቀብኝም።

ግንቦት 15

ድንጋይ እየሞሉበት ነው። የሚጢዬ ሳል ለቀቃት።

ከፖሊስ መጥሪያ መጣልኝ። ልጄ እንደ ድሮው ሊያነብልኝ እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም። ቀስ እያልኩ ራሴ አነበብኩት። ሰኞ ቀርቤ ልጠየቅ። የተጠራሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ከፈረምኩ ወዲህ አያናግረኝም ነበር። ዛሬ በር ላይ የጫማውን ክር እያሰረ፣ አንገቱን ሳያቀና፣

"ሰኞ ስንት ሰዓት ነው?"

"ሦስት ሰዓት።"

"አብሬሽ እሄዳለሁ። እኔም ፈርሜያለሁ።"

ክፉ ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ስለ ሳሉ። ዋጥኩት።

ሰኞን እፈራለሁ። ለእሱም፣ ለራሴም። አሁን ይሄን ስጽፍ እየዘነበ ነው። ልብሱን ምራቴ ታስገባ... እኔ በረንዳ አልወጣሁም።