ከአባቴ የሕይወት ታሪክ የወጣችው ጃማይካ

ቀን፦ ሰኔ 13 ቀን 2009 ዓ.ም.
ሜልበርን

ለወንድማማች መረዳጃ ዕድር ሊቀመንበር
ለተከበሩ አቶ ስዩም
ዋይንድሃም ቬል

ጉዳዩ፦ በቀብር ላይ ተቆርጦ የተነበበ የሕይወት ታሪክ በአርባው እንዲታረም ስለመጠየቅ

አመልካች ጽጌ ኪዳነማርያም የታርኔት ሰፈር ነዋሪና የዕድሩ አባል ነኝ። አባቴ አቶ ኪዳነማርያም ግንቦት 22 ቀን አርፈው ግንቦት 26 ቀን ተቀብረዋል። ዕድሩ ወንበር ከመደርደር ጀምሮ ላደረገልን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አቤቱታዬ በዚያ ላይ አይደለም።

አባቴ ታመው ሳሉ የሕይወት ታሪካቸውን ራሳቸው እየነገሩኝ ጻፍኩ። በዕድራችን ልማድ በመቃብር ላይ የሚያነቡት ጸሐፊው ጋሼ ታዴዎስ ስለሆኑ ወረቀቱን አስቀድሜ በእጃቸው ሰጠሁ። አማርኛውን ትንሽ ላቃናው ሲሉኝ ደስ አለኝ። ከአባቴ ጋር እዚህ ሜልበርን አሥራ አራት ዓመት እንደ ወንድም ስለኖሩ፣ አቃንተው ሲጨርሱ ልየው እንኳ አላልኩም። ጥፋቴ ይኸው ነው።

በመቃብሩ አፋፍ የተነበበው ግን "በሻሸመኔ ተወልደው አደጉ" የሚል ሆነ። እዚህ የተወለደችው ልጄ ሆሳዕና፣ ስለ ማን አያት ነው የሚያወሩት ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ።

አባቴ የተወለዱት ጃማይካ ነው። ሻሸመኔ የገቡት በሠላሳ ዓመታቸው፣ የአናጢ መሣሪያቸውን ይዘው ነው። እናቴን ወይዘሮ በለጥሻቸውን ያገቡት፣ ተጠምቀውም ኪዳነማርያም የተባሉት እዚያ ነው። ከዚያ በፊት ሃርግሪቭ ይባሉ ነበር፤ ይህም ቅድመ አያታቸውን በባርነት ይገዛ የነበረው እንግሊዛዊ ባለ እርሻ ስም ነው።

ጋሼ ታዴዎስ ቆርጠው ያወጡት የአባቴ ቃል እንዲህ ይላል፦ "እንግሊዝ ደሴቲቱን ከስፔን ነጥቃ በሸንኮራ አገዳ ሸፈነቻት። አገዳውን የሚቆርጡት ከአፍሪካ ታስረው የመጡ ሰዎችና በባርነት የተወለዱ ልጆቻቸው ነበሩ። ቅድመ አያቴ ከልጆቹ አንዷ ናት። ነፃ ወጣችሁ ከተባሉ በኋላም አራት ዓመት ለዚያው ጌታ እንዲሠሩ ተገደዱ። ካሳው የተከፈለው ለጌቶቹ ነው። ይህን በመቃብሬ ላይ አንብቡልኝ፤ እሷ ስትቀበር ያነበበላት የለም።"

ጋሼ ታዴዎስን ስጠይቃቸው አልካዱም። "ልጄ፣ ለክብሩ ብዬ ነው። በሰው ፊት የባሪያ ዘር ነው ተብሎ ይነበብበት?" አሉኝ። ይህን ሌላ ሰው ቢለኝ ተቀይሜ እተወው ነበር። እሳቸው ግን እሑድ እሑድ ቤታችን ምሳ እየበሉ ይህንኑ ታሪክ ከአባቴ አፍ ሰምተው እንባቸውን ጠርገዋል። ለካ በልባቸው ሲያፍሩበት ኖረዋል። ነውሩ አያቶቻቸውን የሸጡና የገዙ ሰዎች እንጂ የአባቴ አይደለም። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይባላል፤ እኔ የተከዳሁት ስቀብር ነው።

ስለዚህ ሐምሌ 1 ቀን በሚውለው አርባቸው ላይ ጽሑፉ ሳይቆረጥ እንዲነበብ፣ በዕድሩ መዝገብም የትውልድ ቦታቸው እንዲስተካከል በአክብሮት አመለክታለሁ። አንባቢ ይቀየርልኝ አልልም። ራሳቸው ጋሼ ታዴዎስ፣ በቀብሩ ላይ የሰማቸው ሕዝብ ባለበት ያንብቡት።

ይህ የማይሆን ከሆነ ግን የእኔንም ስም ከመዝገቡ ፋቁልኝ። ስሞት ማንን አድርጋችሁ እንደምትቀብሩኝ አላውቅም።

ከአክብሮትና ከሐዘን ሰላምታ ጋር

ፊርማ
ጽጌ ኪዳነማርያም