የእማዬ የኩሽና በር

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እማዬም እኔም ደህና ነን።

እማዬ ከኖረችበት፣ አንተ መሠረቱን ካስተከልከው ሕንፃ አጥር ማዶ ለአዲስ ሕንፃ የመሠረት ምሰሶ እየተከልን ነው። መሬቱ ረግረግ ነው። አሥራ ሁለት ሜትሩ ምሰሶ ሁለቴ ሳንመታው ስምጥ አለ። ሌላ ቀጥለንበት፣ ዓለት ነክቶ መዶሻው የነጠረው ሃያ ሁለተኛው ሜትር ላይ ነው። መዶሻ ሲነጥር ለይቼ እንድሰማ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ? "አሥራ ሁለት ሜትር ላይ ዓለት አገኘን" ብለህ የፈረምክበትን የእማዬን ሕንፃ መዝገብ አየሁት።

የእማዬን የኩሽና በር ሁለቴ ላግኩት፤ መቃኑ ዘሞ ዛሬም አልገጥም አለ። እማዬን እኔ ጋ አመጣኋት። "ልጄ ካቆመው ቤት ለምን ታስወጣኛለህ?" ስትለኝ፣ "ደረጃው ያደክምሻል" አልኳት። ጎረቤቶቿንም ሳስወጣ ዋልኩ።

አንተም ልትመጣ ነው አሉ። አልጋህን እዚያው አንተ ባቆምከው ቤት፣ እሷ በለቀቀችው ክፍል አንጥፌልሃለሁ።

አክባሪህ የነበርኩት ታናሽ ወንድምህ