ራዳሩ ሲወድቅ

ኤስፔራንሳ፣ አሬሲቦ
ዲሴምበር 2020

ለልጄ አባት፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ፣ ያ ደረጃ መውጣት የበላው ጉልበትህ፣ የኦርላንዶ ሜዳ ተስማማው ወይ? በሽታው ይህን ያህል ሰው እየወሰደ ባለበት ዘመን አንተን ስለጠበቀልን ፈጣሪ ይመስገን። እኛ አለን። እናትህ ከጆሯቸው በቀር ደህና ናቸው፤ ጆሯቸውም ቢሆን የማይፈልጉትን ነው የማይሰማው። ያሬሊስ ሳን ሁዋን ከባሏ ጋር ናት፤ በሽታውን ፈርታ ከመጣች ቆይታለች፣ በየእሑዱ በስልክ ፊቷን ታሳየናለች። እኔን ከጠየቅከኝ ደክሞኛል። ሌላ ሕመም የለብኝም፣ ድካም ብቻ ነው።

በደብዳቤ የምመልስልህ በስልክ ስለምታሸንፈኝ ነው። አንተ መናገር ከጀመርክ እኔ መስማት እንጂ መመለስ አልችልበትም፤ ትዳራችንንም የኖርነው እንዲሁ ነው። ወረቀት ግን መሀል ገብቶ አያቋርጥም። ማክሰኞ ዕለት ደውለህ «ወደቀ አይደል? ቃልሽስ?» አልከኝ፤ እኔም ስልኩን ዘጋሁብህ። የዚያን መልስ ልጽፍልህ ነው ዛሬ ቁጭ ያልኩት።

መጀመሪያ የሆነውን ልንገርህ፣ በቴሌቪዥን ያየኸው ድምፅ የለውም። ጠዋት ነው። እኔ ለገና ምግባችን ለፓስቴሌስ ጥሬ ሙዝ እፍቃለሁ፣ እናትህ መጠቅለያውን የሙዝ ቅጠል እሳት ላይ እያገላበጡ ያለሰልሳሉ። አንድ ነገር አፏጨ፣ ከዚያ ምድር ጮኸች። ነጎድጓድ ከላይ ነው የሚመጣው፤ ይሄ ከእግሬ ሥር መጣ። የመሬት መንቀጥቀጥ ነው ብዬ ክው አልኩ። ከጃንዋሪው መንቀጥቀጥ ወዲህ እዚህ ሁሉም ሰው የክፉ ቀን ቦርሳ በር ሥር አስቀምጦ ነው የሚያድረው፤ የእኛም ውስጥ ውሃ፣ የእናትህ የደም ግፊት ኪኒን፣ መታወቂያችንና የእጅ ባትሪ አለ። በአንድ እጄ እናትህን ጎትቼ፣ በሌላው እጄ ከበሩ ሥር ያለውን አፈፍ አድርጌ ወደ ግቢ ሮጥኩ።

ግቢ ስንደርስ ምድሩ ጸጥ ብሏል። ከኮረብታው ጀርባ አቧራ ተነሣ። እናትህ ዓይናቸውን አጥብበው ጭስ ነው ደመና ብለው ጠየቁኝ፤ እኔ ግን አውቄዋለሁ። አንተ ወጣትነትህን ሙሉ እየተንጠለጠልክ ቀለም የቀባኸው ያ የራዳሩ ብረት፣ በሦስቱ ምሰሶዎች መሀል በገመድ ተሰቅሎ የሰማይን ወሬ ሲያዳምጥ የኖረው፣ ታች፣ ሸለቆውን የሞላው ትልቅ ሳህን ላይ ወርዷል። እንደማይቀርለትማ ሰምተን ነበር። ኦገስት ላይ አንዱ ገመድ ሾልኮ ሳህኑን ቀደደው፤ ኖቬምበር ላይ ትልቁ ተበጠሰ፤ ቀጥሎ ሐኪም እንደተወው በሽተኛ «ከእንግዲህ አይጠገንም» ተባለ። ያም ሆኖ ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

በኋላ ሰፈሩ በሙሉ ወደ ዋናው በር ወጣ፣ እኔም ወጣሁ። እዚያ ወጥ ቤት ስሠራ ሩዝና ባቄላ ስሰፍርላቸው የኖርኩት የሳይንስ ሰዎች ጭምብላቸው በእንባ ርሶ ቆመዋል። ስንት ጊዜ «ራዳር አይደለም፣ ቴሌስኮፕ ነው» ብለው እንዳረሙን ታስታውሳለህ። ያ ሁልጊዜ ባቄላ ጨምሪልኝ የሚለው ረጅሙ ሰውዬ አይቶኝ መጣና እጄን ይዞ «ራዳሩ ሞተ» አለኝ። የእኛን ስም ሲጠራ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በልተሃል ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

እንግዲህ ወደ ቃሌ ልምጣ። ሌላው ሰፈር መቼም አይሆንም ለማለት «እንቁራሪት ጸጉር ስታበቅል» ይላል፤ እኛ «ራዳሩ ሲወድቅ» እንላለን። ያሬሊስ ሞተር ብስክሌት ግዛልኝ ስትልህ ራዳሩ ሲወድቅ አልካት። ቄሱ ቅዳሴ የምትመጣው መቼ ነው ሲሉህም ያንኑ መለስክላቸው፣ ሳቁ እንጂ አልተቆጡም። ባለሱቁ ዶን ጉሜ ደግሞ ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ ጀምሮ ያን ከንፈራቸውን የሸፈነ ጢም ተላጭ ለሚላቸው ሁሉ መልሳቸው ይኸው ነበር።

እኔ ደግሞ ለአንተ አልኩህ። ከሦስት ዓመት በፊት አውሎ ነፋሱ ጣራችንን ወስዶ መብራት በጠፋበት ወራት «ሦስት ወር ሠርቼ ጣራ የምናለብስበት ይዤ እመጣለሁ» ብለህ ኦርላንዶ ሄድክ። የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን ጣልክ። እዚያ ከሌላ ሴት ጋር እንደምትኖር ከሰው አፍ ስሰማ አንጀቴ ተቆረጠ፤ ያን ያህል ያመመኝ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። በኋላ እያለቀስክ ደውለህ መቼ ነው ከደጅሽ የምታስገቢኝ ስትለኝ በመስኮቱ አየሁ። ያ ሁሉ ዛፍ ወድቆ፣ የእኛ ጣራ ጎረቤት ማሳ ላይ አርፎ፣ እሱ ቆሟል። «ራዳሩ ሲወድቅ» አልኩህ። መቼም ማለቴ ነበር፣ አንተም ገብቶሃል። የማይወድቅ ነገር ፈልጌ ቃሌን እሱ ላይ አስደገፍኩት።

አሁን ማን ያስረሳሃል! ኤስፔራንሳ ውስጥ ሚስጥር የሚባል ነገር እንደሌለ ታውቃለህ። በማግስቱ ከእናትህ ጋር ሱቅ ስንሄድ ዶን ጉሜ በር ላይ የቢራ ሣጥን ገልብጠው ተቀምጠው፣ መስታወት በጉልበታቸው ይዘው ጢማቸውን ይላጫሉ። ሰዉ ከቧቸዋል። አንዱ አይ ዶን ጉሜ ቀልድ እኮ ነበር ቢላቸው፣ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ብለው መላጨታቸውን ቀጠሉ። ሲጨርሱ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ የላይ ከንፈር ብቅ አለ፣ እንደ ሕፃን። ማንም አልሳቀም። ከዚያ እሳቸውም፣ የከበቧቸውም፣ አንድ ላይ ዞረው እኔን አዩኝ።

ዶን ጉሜ ምላጩን እየጠረጉ «እኔ ከፈልኩ። አንቺስ?» አሉኝ።

የመለሱላቸው ማን ይመስልሃል? እናትህ። ማታ ማታ ስትደውልላቸው መጀመሪያ ምርቃታቸውን ትጠይቃለህ፣ እሳቸውም እግዚአብሔር ይባርክህ ሳይሉህ ሌላ ወሬ የለም። ያን ማክሰኞ ግን ስለ ራዳሩ ብቻ ጮኸህ፣ ስልኩን ከዘጋሁብህ በኋላም መልሰህ አልደወልክላቸውም። ሌሊቱን ሙሉ ሲያብሰለስሉት ነው ያደሩት።

«ምርቃት ሳይጠይቅ ስለ ብረት የሚጠይቅ ልጅ ወልጃለሁ» አሉ ለሰዉ። «ኮረብታውን ቀና ብላችሁ እዩ። ምሰሶዎቹ ቆመዋል አልቆሙም? ቆመዋል። እንግዲያው ራዳሩ አልወደቀም። የወደቀው የተሰቀለው ነው።»

ዶን ጉሜ ባዶ ከንፈራቸውን ዳበስ አድርገው «ታዲያ የኔ ጢምስ፣ ዶኛ ሞንሴ?» ቢሏቸው፣ «ጢም ይበቅላል» ብለው ዳቦአቸውን ተቀብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ወድቋል የሚሉ አሉ፣ ምሰሶው እያለ ወደቀ አይባልም የሚሉ አሉ። ሱቁ በር ላይ እስካሁን ይከራከራሉ፤ ለእኔ እንደ ቀልድ አልሆነልኝም። እናትህ በገዛ ልጃቸው ላይ ፈርደው ማምለጫ በር ከፈቱልኝ። ምሰሶዎቹ ቆመዋል፣ ቃሌም ቀኑ አልደረሰም ብዬ ልጽፍልህ እችል ነበር። ወረቀቱን አንዴ በዚያ ጀምሬው ቀድጄዋለሁ።

ሐሙስ ብቻዬን ወጥቼ ከመንገዱ መታጠፊያ አየኋቸው። አናታቸው ተሰብሯል፣ የሚሸከሙት የለም፣ ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል። እኔም እንደነሱ መሆኔን ሳውቅ አለቀስኩ። ቂም መጀመሪያ ሲይዙት ጉልበት ይመስላል። እኔ በሱ ተነሥቼ ሠርቻለሁ፣ እናትህን አጥቤያለሁ፣ መንቀጥቀጡንም በሽታውንም አልፌበታለሁ። በአንተ ላይ ካልተናደድኩ የምቆም አይመስለኝም ነበር።

ራዳሩን ትቀባ በነበረ ጊዜ አንተ ራስህ ነህ የነገርከኝ። ገመድ በአንድ ቀን አይበጠስም፣ ውስጥ ውስጡን ክር በክር ነው የሚያልቀው፣ ከላይ ግን እኛ ስለምንቀባው ደህና ይመስላል ብለኸኛል። የኔም እንደዚያ ነው ያለቀው። ሁሉን ከሰው አፍ ስሰማ ከኖርኩ በኋላ ሴትዮዋ መሄዷን አንተው በራስህ አፍ ስትነግረኝ አንዱ ክር ሄደ። ደከመኝ ሳትል በየማታው ለእናትህ ምርቃት ስትደውል፣ እኔም ሰሃን እያጠብኩ ድምፅህን ስሰማ፣ ስንቱ እንደሄደ አላውቅም። ከላይ ቀለም ተቀብቼ ስለነበር አንተም አላየህም፣ እኔም ደህና ያለሁ መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ መልሴ ይሄ ነው። የምትመጣው ራዳሩ ስለወደቀ ከሆነ አትምጣ። የእናትህ ፍርድ ይጸናል፣ ምሰሶዎቹ ቆመዋል። ቃል አስይዞ ቤቴ የሚገባ ሰው አልፈልግም፤ እኔም በቃል ተይዤ በር አልከፍትም። ሰማያዊው ሸራ ግን እስካሁን ጣራችን ላይ ነው፤ በየዝናቡ የምንደቅነው ባልዲ በዛ። ከፍታ የማይፈራ ሰው ያስፈልገኛል። እናትህንና እኔን የሚያሳርፍ ጣራ ለማልበስ ከሆነ፣ ከመምጣትህ በፊት ተመርመር፤ እናትህ አርጅተዋል፣ ሳል ይዘህባቸው እንዳትገባ። በፊት ለፊቱ በር አትግባ፣ ደረጃው ተሰንጥቋል። በጓሮ ግባ።

የሥራ ጫማህ ያው በሩ ሥር፣ ከቦርሳው አጠገብ፣ ድሮ የምታስቀምጥበት ነው። የራዳሩ ቀን ግቢ ውስጥ የራዳሩ አቧራ አርፎበት ስለነበር እናትህ ጠርገውታል፤ ክሩንም ለውጠውለታል። ቦርሳው ግን ምንም አልነካውም፤ ያን ቀን እጄ አፈፍ ያደረገው እሱን አልነበረም፣ ከቦታውም አልተንቀሳቀሰም።

እናትህን አትቀየማቸው። ትናንት ማታ ደውለህ ከሁሉ በፊት ምርቃት ስትጠይቅ ፊታቸው እንዴት እንደበራ ብታይ! ስልኩን ከዘጉ በኋላ፣ ያ ጉሜ የጠቀሰውን ተረት የተረተ ሰው ወልዶ አያውቅም አሉኝ። ዶን ጉሜም ደህና ናቸው፣ ጢማቸው እያቆጠቆጠ ነው፤ ስትመጣ እንዳትስቅባቸው።

የእናትህ ምርቃት በጽሑፍም ይድረስህ ብለዋል፤ ከክፉ ነገር ይጠብቅህ፣ መንገድህ ይቅና፣ እንጀራህ አይጉደል፣ ከገናው ማዕድ አንድ ወንበር ባዶ አይሁን። እኔም አሜን ብያለሁ።

ይህን ስጽፍ እናትህ ከጎኔ ተቀምጠው፣ ማንበብ ባይሆንላቸውም ወረቀቱን አጎንብሰው እያዩ፣ «መጨረሻው ላይ ‹ሚስትህ› ብለሽ ፈርሚ» ይሉኛል።

«ራዳሩ ሲወድቅ» አልኳቸው። እስካሁን ይስቃሉ።

የልጅህ እናት