ጣታችን ቶፉ ላይ

ምትኬ ወንድሜ፣

የቤተ ሙከራችን ሰዎች ለሽርሽር ወደ ኮሪያዋ የባሕር ዳር ከተማ ጋንግኑንግ ወርደን ቶፉ ቀረበልን፤ የአኩሪ አተር አይብ በለው። በደንባችን ማንም ሳይጫነው አይበላም። ፕሮፌሰር ኦክ ሳይቀሩ በጣታቸው ጫን እያደረጉ ጥንካሬውን በቁጥር ይገምታሉ፤ በጣም የሳተ ሰው ማረፊያችን ስንገባ ሰሃን ያጥባል።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ቦንግ "ምግብ ነው ወይስ እባጭ?" ብለው እጄን በማንኪያ መቱኝ። ሥራዬን አስረዳኋቸው። የሰውነት ሕዋስ እንዳንተ ነው፤ የተቀመጠበትን ቆንጥጦ ይስባል፤ እንደ ስፖንጅ ፍራሽ ከላላበት ይኮራመታል፣ እንደ መደብ ከጠነከረለት ይንፈራጠጣል። የእኔዎቹ ግን እንደ ቶፉ የረጋ ጠንካራ ጄል አንጥፌላቸው ሦስት ወር ሙሉ ተኮራምተዋል፤ መመረቂያዬም አብሯቸው።

"ጥንካሬውን የት ለካሽው?"

"ማቀዝቀዣ ክፍል።"

"እነሱስ የት ነው የሚኖሩት?"

"እንደ ሰውነት የሞቀ ሳጥን ውስጥ።"

"ልጄ፣ የአጥንት መረቅም እኮ ፍሪጅ ውስጥ ጀግና ነው።"

ለካ ጄሌ ሲሞቅ ይላላል! ፕሮፌሰር ኦክ ተነስተው እጅ ነሱና "ጥናታችን ላይ ስምዎን እናሰፍራለን" አሏቸው።

"ስሜን ተዉትና የነካካችሁትን ጨርሱ።"

ፖስት ካርዱ ስለጠበበ ጽሑፌም ተኮራመተ። ለእትዬ ዘርፌ ሰላም በልልኝ። ሰሃኑን ማን እንዳጠበ አትጠይቀኝ።

ሕሊና