ቡድኑን ለሁላችንም ሰጥተህ ሄድክ

ጌትዬ፣

ሙት ዓመትህን ካወጣን ሦስት ወር ሆነ። ጊዜ ያስረሳል ይሉኛል። እኔን ግን አላስረሳኝም፤ ጠዋት ስነሳ ራዲዮኑን ቀድመህ የከፈትክ ይመስለኛል፣ ከዚያ ትዝ ይለኛል።

ግቢው ተለውጧል። ከክፍለ ሀገር የመጡት ተጫዋቾችህ ያድሩባቸው የነበሩት ሰርቪስ ቤቶች አሁን ተከራይተዋል፤ ለተጫዋቾቹ ለቡ መብራት ኃይል አፓርታማ ተይዞላቸዋል። ሀይሌ ጋርመንት ካለው ሱቅህ እየሮጥክ የሰፈር ልጆች ሰብስበህ የጀመርከው ቡድን ደመወዝ የሚከፍል ክለብ ሆኖ የለ! ማሊያውንም የሚያጥበው ላውንድሪ ነው። የማስጫውን ገመድ ግን አላስፈታሁም። እኔ አጥቤ ሳሰጣ ከኋላዬ መጥተህ ቁጥሮቹን በተርታ ካላደረግሽ ብለህ ታስቸግረኝ ነበር። ዘጠኝ ቁጥር ከአስር በኋላ ከተሰጣ ጎል አናገባም ትል ነበር። ሞኝ! እኔም ሌላዋ ሞኝ፣ ተነስቼ አስተካክል ነበር።

ስናሸንፍ ቅቅል፣ ስንሸነፍ ሽሮ። ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ። ጎረቤት ሁሉ ውጤቱን ከኩሽናችን ሽታ ያውቅ ነበር። አቻ ስንወጣ ምን እንደሚበላ ግን ዕድሜያችንን ሙሉ ተከራክረን ሳንስማማ ቀረን።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ልጆችህ ተጣሉ። ዮናስ ቡድኑን ሌላ ከተማ ልውሰደው አለ፤ ስታዲየም እንሰጥሃለን ያሉት ሰዎች አሉ። ሰላም ደግሞ ቡድኑ ከሰፈራችን ከመካኒሳ ከወጣ አባዬን ሁለተኛ እንደ መቅበር ነው አለች። ሁለቱም የያዙት ያንተን ቃል ነው። ለዮናስ ከሐዋሳ ጨዋታ ስትመለሱ መኪና ውስጥ፣ ከእኔ በኋላ ቡድኑ ያንተ ነው ብለኸዋል። ለሰላም የተመረቀች ዕለት፣ ከእኔ በኋላ የምትይዢው አንቺ ነሽ ብለሃታል። እውነታቸውን ነው፤ አውቅሃለሁ። ፊትህ የቆመን ሰው አስከፍተህ መመለስ አትችልበትም ነበር። ለሦስት ልጆች አንድ የበረኛ ቦታ ቃል ገብተህ ሦስቱም ቤት የመጡ ቀን፣ መኝታ ቤት ገብተህ ራሱን አሞታል በይልኝ ያልከኝን እንዴት እረሳለሁ?

በሙት ዓመትህ ድንኳን ውስጥ ወንድምና እህት ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀመጡ። የመጣው ሰው ሁሉ አየ። ከዚያ በኋላ ዮናስ እግሩን ከቤታችን አነሳ፤ የልጅ ልጃችንንም ይዞብኝ ቀረ። በዚያን ሰሞን ቡድኑ በፈረሰ ብዬ ተመኝቻለሁ። ይቅር በለኝ።

በመጨረሻ የእድራችን ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ ተቀመጡ። የተጻፈ ኑዛዜ ስለሌለ ከአፉ የሰማ ይናገር አሉ። ዮናስ ተናገረ፣ ሰላምም ተናገረች። ከሁለቱ አንዳቸውም ሌላውን ዋሸ ለማለት አልደፈሩም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ላንቺስ ምን አለሽ ሲሉ ጠየቁኝ።

ጌትዬ፣ ለእኔ ምንም አላልከኝም። በመጨረሻው ሳምንት ሆስፒታል ተኝተህ እንኳ ስለ ተጫዋቾች ጫማ ነበር የምታወራኝ። ለሰው ሁሉ ቃል ስትሰጥ፣ ሃያ ዓመት ማሊያ ያጠብኩልህን እኔን ዘለልከኝ። ከሞትህ ቀጥሎ እንደዚህ ያመመኝ ነገር የለም።

ግን የማዘኛዬ ሰዓት አልነበረም። ምንም አላለኝም ብል ነገሩ ፍርድ ቤት ሊሄድ ነው፣ ከሄደ ደግሞ አንዱ ልጄ አይመለስልኝም። ስለዚህ በስምህ ዋሸሁ። ለእኔም ያንቺ ነው ብሎኛል አልኳቸው።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ዮናስ ሳቀ። ለእማዬም ሰጥቷታል እኮ ብሎ እህቱን አያት፣ እሷም ሳቋ አመለጣት። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፣ ከዚያ እውነተኛው ለቅሶ መጣ፤ ተቃቅፈው አለቀሱ። የተጠራጠረኝ ሰው የለም፤ ያንተን አመል ማን ያጣዋል? ሽማግሌዎቹም እናት የያዘችው የልጆቿ ነው ብለው ጨረሱት። ዮናስም የስታዲየሙን ነገር ተወው፤ ቡድኑ መካኒሳ ቀረ። ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ የማላውቀው እኔ ፕሬዚዳንት ተባልኩ፤ ሥራውን ሁለቱ ተካፍለውታል። ዮናስም እሁድ እሁድ ልጁን ይዞ ይመጣል።

ሰው ስላንተ ሲያወራ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነበር ይላል። እኔ ቡናቸውን እቀዳላቸዋለሁ። አንተን ግን እንደዚያ አላስታውስህም። ሰው ማስከፋት ፈርተህ ለሁሉም ቃል የምትሰጠውን፣ ኋላ የምትደበቀውን ጌታቸውን ነው እስክሞት የማስታውሰው፤ ይህንን ቃል እገባልሃለሁ። ያንን ውሸቴን ግን ልጆቹ ደጋግመው ሲያወሩት እሰማለሁ። ስሰማው፣ አንዳንዴ የእውነት ያልከኝ ይመስለኛል። ይምሰለኝ፣ ተወኝ።

አልማዝህ