ድርሃም አስር ብር ሲገባ

አዳማ፣ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውዷ ባለቤቴ ለየሺዓለም፣ ካለሽበት ሻርጃ ይድረስሽ።

ጤናሽን ጠይቄ፣ የኛንም ደህንነት ነግሬ ወደ ጉዳዬ ብገባ ወጉ ነበር። ግን ተናድጃለሁና ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ። እኛ ደህና ነን። ሶሲ አንድ የጎን ጥርሷ ተነቅሎ በምላሷ ስትነካካው ትውላለች። ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ጎረቤታችን ቶይባ ናት፤ እንደ ልማዷ የሚሸጥ ልብስ ልታመጣ ዱባይ ትሄዳለች። በስልክ ድምፅ ቀርጾ መላክ አቅቶኝ አይደለም። በድምፅ ብልክልሽ አጠገብሽ የተቀመጠ ሰው አብሮሽ ይሰማዋል ብዬ ነው።

ማን ይቀመጣል እንዳትዪኝ። ያለፈው አርብ ስናወራ ከኋላሽ «የሺ፣ ዛሬ አትላኪ፣ ቆይ፣ ገና ይጨምራል» ያለሽን ሰው ሰምቼዋለሁ። ማነው ስልሽ «አዶኒያስ ነው፤ ከጸሎት ህብረታችን፣ ምንዛሪ ቤት የሚሠራው» አልሽኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። የሺ! የወለደችሽ እናትሽ እንኳ የሺዓለም ብላ ነው የምትጠራሽ። የሺ የምልሽ እኔ ብቻ ነበር የሚመስለኝ።

ቀንቻለሁ። ምን አስደበቀኝ፣ ቅናት እያንገበገበኝ ነው። በገና በዓል የላክሽውን የህብረቱን ፎቶ አውጥቼ እንደገና አየሁት። ጊታር የያዘው እሱ ነው አይደል? ቤት ውስጥ የፀሐይ መነፅር የሚያደርገው? ዘማሪ ይሁን ባለሀብት አልለይ አለኝ።

ደግሞ ስምሽን መጥራቱ ብቻ አይደለም ያበሳጨኝ። ምንዛሪውን መንገር የኔ ሥራ ነበር። ስትሄጂ አንድ ድርሃም ሰባት ብር ከምናምን ሳንቲም ነበር። አርብ አርብ ትደውዪና ሰላም እንኳ ሳትዪኝ «ገሜ፣ ዛሬ ስንት ገባ?» ትዪኝ ነበር። እኔም ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ሞተሬን ፍራንኮ ሰፈር ካለው ባንክ በር ላይ አቁሜ የምንዛሪ ሰሌዳውን አያለሁ። አስር ሳንቲም ከጨመረ እስክትደውዪ ድረስ ያቁነጠንጠኝ ነበር። ሌላው ባል ለሚስቱ የሚነግራት ብዙ ነገር ይኖረዋል፤ እኔ የምነግርሽ ይህንን ነበር፣ አንቺም ደስ ይልሽ ነበር። ያለፈው አርብ ግን ምንም ሳትጠይቂኝ ስልኩን ዘጋሽው።

ቦሌ ስሸኝሽ ያልሽውን መቼም አትረሺውም። «ድርሃም አስር ብር ሲገባ እመለሳለሁ» አልሽኝ። ተሳሳቅን፤ አስር ብር በጣም ሩቅ መስሎን ነበር። አስር ሲገባ «አስራ አምስት ይግባና» አልሽ። የምናሠራው ቤታችን ግድግዳ ገና አልቆመም ነበርና እሺ አልኩሽ። አስራ አምስትም ገባ። ከዚያ ያ የ2016 ሐምሌ መጣ፣ ምንዛሪው በገበያ ይመራ የተባለ ጊዜ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ሰሌዳው ላይ ሃያን አልፎ አየሁት። እዚያው ባንኩ በር ላይ ቆሜ ደወልኩልሽ፣ ሰው ዞሮ እስኪያየኝ እየጮህኩ። ለሶሲም እናትሽ መጣች ብያት ነበር። አንቺ ግን «አሁንማ እንዴት ብዬ እመጣለሁ፣ አሁን እኮ ነው የሚያዋጣው» አልሽኝ። ይኸው ዛሬ አርባን አልፏል። ቆርቆሮውም ሲሚንቶውም አብሮት ወጣ፤ ቤቱ ዛሬም ጣሪያ የለውም።

እኔስ ብትዪ፣ ስትሄጂ ደመወዜ በድርሃም ሲመነዘር ዘጠኝ መቶ ነበር። በቅርቡ ተጨምሮልኝ እንኳ አራት መቶ አይሞላም። ያው ገመቹ ነኝ፣ ያንኑ ፊዚክስ ነው የማስተምረው፤ እዚያ ማዶ ግን በየዓመቱ ዋጋዬ ይወርዳል። አዶኒያስ ምንዛሪ ቤቱ መስኮት ውስጥ ተቀምጦ ይህን በየቀኑ ያያል። አንድ ቀን እኔንም መንዝሮ ያሳይሻል ብዬ እፈራለሁ።

ስለዚህ ሞተሬን ሸጥኩት። አዎ፣ ከኋላዬ ተቀምጠሽ ሶደሬ የሄድንበትን። የገዛኝ ገርባ ነው፣ የመቂው የሽንኩርት ደላላ።

«አቦ መምህር፣ በብሩ ምን ልታደርግ ነው?» አለኝ።

«ለሚስቴ የአውሮፕላን ቲኬት ልገዛ። እንድትመለስ።»

ሳቀብኝ። «ሰው ከዱባይ ይላክለታል፣ አንተ ወደዚያ ትልካለህ እንዴ? ያውም በዚህ ምንዛሪ! እሷ እዚያው በድርሃሟ ብትገዛው እኮ ምንም አይደለም። ትንሽ ታገስ።»

«ቆይ፣ ታገስ የሚለኝ ሰው በዝቷል» አልኩት።

ከዚያ በኋላ አልሳቀም። ብሩን ከፈለኝና አንድ ማዳበሪያ ቀይ ሽንኩርት መረቀልኝ። ሞተሩን አስነስቶ ሲሄድ እስኪታጠፍ ድረስ አየሁት። አሁን ወደ ትምህርት ቤት የምሄደው በባጃጅ ነው።

ቲኬቱ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። ቀኑ መጋቢት 12 ነው። ቀን መቀየር ትችላለች፣ የዋጋ ልዩነቱን ግን ትከፍላለች ብለውኛል። በውድ ነው የገዛሁት፣ አውቃለሁ፤ ነገ ረከሰ ብትዪኝም አልቆጭም። ሶሲ ቀን መቁጠሪያው ላይ ቀኑን በቀይ አክብባዋለች። እኔ አላዘዝኳትም። እሺ፣ እስክሪብቶውን አቀብያታለሁ።

አዶኒያስን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ስንት ሲገባ ነው በቃ፣ አሁን ሂጂ የሚልሽ? ቁጥሩን ይንገርሽ። ቁጥር ካለው እኔም እንደለመድኩት እጠብቃለሁ። ከሌለው ግን፣ የሺ፣ የምታደርጊውን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

እናትሽ በጸሎት እያሰበችሽ ነው፤ ለቶይባም የሚጥሚጣ ዱቄት ሰጥታልሻለች። ጌታ መውጣትሽንና መግባትሽን ይጠብቅ፤ እኔ ግን አጥብቄ የምለምነው መግባትሽን ነው።

ባልሽ ገመቹ

ስሜን ከጻፍኩ በኋላ የጨመርኩት፦ ዛሬም በባንኩ በር በኩል አለፍኩ። ልማድ ሆኖብኝ ከባጃጁ ወርጄ ሰሌዳውን አየሁት። ስንት እንደገባ ግን አልነግርሽም። መጥተሽ እዪው።